ለደመላሽ ያልተነገረው

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለመሳፍንት፤

እንደምን ከርመሃል? የጅማ አየር ተስማማህ ወይ? ያ ሳልህስ ለቀቀህ? የኔአለምና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ቤተ ክርስቲያን መሳሙን አልተወችም።

ስለ ደመላሽ ደጋግመህ ስትጠይቀኝ ዝም ያልኩህ አፍሬ ነው። አብሮ አደግህን አደራ ብለህ እኔ ከምሠራበት ቢሮ ያስገባኸው አንተ ነህና እውነቱን ከእኔው ስማ።

ለአንድ ክሊኒክ የሕፃናትን መድኃኒት በክብደታቸው የሚያሰላ ፕሮግራም ሠርተን ነበር። ሞጁሎቹን፣ ማለትም የፕሮግራሙን ክፍሎች፣ ተከፋፍለን ስንጽፍ መጠኑ ከልክ እንዳያልፍ የሚቆጣጠረው የእሱ ድርሻ ሆነ። ጥቅምት ላይ ፕሮግራሙ ለአንዲት ሕፃን ከልክ በላይ አዘዘ። ነርሷ ያለምወርቅ ነቅታ ብታስቆመውም ሕፃኗ አንድ ጊዜ ወስዳው ስለነበር ራሷን ስታ ሆስፒታል ገባች። ደመላሽ ቢሮው ለጉዳዩ በጠራው ስብሰባ ላይ፣ የእኔን ክፍል ለብቻው ስፈትሸው በትክክል ይሠራል እያለ ለመነ። እኔ ግን፣ ኮዱ የእሱ ነው አልኩ። በዚያው ቀን አሰናበቱት። ስልኩን ዘግቶ ወደ ቁይ፣ ወላጆቹ ዘንድ ገባ።

ከወር በኋላ በራሴ ሞጁል ላይ ያንኑ ስህተት አየሁ። ሳምንት ሙሉ ስፈትሽ ለካስ ጥፋቱ የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው መሣሪያ፣ የኮምፓይለሩ፣ ኖሯል። በመጨረሻ ሞጁሎቹን ሁሉ ሲያያይዝ፣ ፕሮግራሙ እንዲፈጥን ብሎ ትርፍ የመሰለውን ይቆርጣል፤ የደመላሽንም መቆጣጠሪያ እንዲሁ ቆርጦ ጥሎታል። ቆረጣውን ስዘጋበት፣ ከኮዱ አንድ ፊደል ሳልነካ መጠኑ ተስተካከለ። ለኮምፓይለሩ ሠሪዎች ጻፍኩላቸው፤ ስህተቱ የእነሱ መሆኑን በጽሑፍ አመኑ።

ወረቀቱን ይዤ ቁይ ወረድኩ። ደመላሽን ጤፍ ሲወቃ አገኘሁት። እናቱ እማማ ወለተ ሰንበት ወረቀቱ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም ይላል አልኳቸው። እኛማ እናውቅ ነበር፣ የዘገየሽው አንቺ ነሽ ብለውኝ ወደ ቤት ገቡ። እሱ ወረቀቱን አልተቀበለኝም። ሕፃኗ ተርፋለች ወይ? አለኝ።

ወንድሜ፣ ልጅቷ በሦስተኛው ቀን ድና ነው የወጣችው። ሁለት ወር ሙሉ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም፤ እኔም ልንገረው ብዬ አላሰብኩም። ድናለች ስለው ገለባው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ቢሮው ተመለስ ብሎታል፤ መልስ አልሰጠም። ስልኩን ከፍቷልና አንተ ደውልለት።

ለየኔአለም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሂዊንና ታናሿን ሃኒን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እማዬ እየመረቀችህ ነው።

እህትህ ዜማ
ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.