የፌዛንቷ ሰባት እንቁላሎች

ለምወድሽ እናቴ፣ ለወይዘሮ ሮማነወርቅ፤ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እህቴን ፋናን ጉንፋኑ ለቀቃት? እኔ፣ እግዚአብሔር ክብሩ ይስፋ፣ ደህና ነኝ። አንጀቴ ግን አሯል፤ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

የምሠራበት የወፎች ማርቢያ ከኦሮራ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። እዚያ ፌዛንት የምትባል፣ ዘሯ ከቬትናም ጫካ የሆነ የዱር ዶሮ አለች። አገሯ ላይ ጫካውን መነጠሩት፣ የተረፉትን ደግሞ በሽቦ ወጥመድ ፈጇቸው፤ ዘራቸው ሊጠፋ ነው። ይቺ ግን በየካቲት ሰባት እንቁላል ጣለች።

አለቃዬ ሰባቱንም መፈልፈያ ማሽን ውስጥ ከተታቸው። ግቢው ውስጥ ተራ ዶሮዎችም አሉን፤ አንዷ ቀይ ዶሮ ለመታቀፍ ተኮፍሳ ከጎጆዋ አልነሳም ብላ ነበር። እሷን እናስታቅፋት አልኩት። ሳቀብኝ፤ ማሽኑ ከዶሮ ይበልጣል አለ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ ተናግሬ፣ ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ። ይሉኝታ ድራሹ ይጥፋ!

መጋቢት ላይ ዴንቨርንም ኦሮራንም የዘጋ በረዶ ወረደና መብራት ጠፋ። ጄነሬተሩ ነዳጅ የለውም፤ አለቃዬ ሊትልተን ከተማ ቤቱ ተቀምጧል። እኔና የሥራ ጓደኛዬ ተስፎም በማግስቱ በረዶ እየዛቅን ስንደርስ ማሽኑ ቀዝቅዟል። እንቁላሎቹን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ወደ ቀይዋ ሮጥኩ። ተስፎም፣ በሑዳዴ እንቁላል የታቀፈ ክርስቲያን ዛሬ አየሁ አለኝ። አልሳቅኩም። አንቺ እንዳስተማርሽኝ ጭድ ጎዝጉዤ ሰባቱንም አስታቀፍኳት።

አንዱ ብቻ ተፈለፈለ። ስድስቱ አለቁ፣ እማዬ፣ ስድስት! ከዚያ ዘር ስንት ቀርቶ ነው? ያ አለቃዬ ይባስ ብሎ ጫጩቷን ከቀይዋ ክንፍ ሥር እየጎተተ፣ የማሽናችን ፍሬ ናት እያለ ለእንግዳ ያሳያል። እኔን ደግሞ፣ ሳታስፈቅድ እንቁላል ብትነካ ሥራ የለህም ብሎኛል። ቀይዋ እጁን በመንቆሯ ስትወጋው ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ፋናን ሁለቱንም ጉንጯን። ውባየሁን ግን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ቆቅ በወጥመድ መያዙን ካልተውክ ወንድሜ አይደለህም ብሎሃል በይው፤ እንዲህ ነው ዘር የሚጠፋው።

ፌዛንቷ እንደገና መጣል ጀምራ ሦስት አድርሳለች። ነጯ ዶሮም ተኮፍሳለች። ሦስቱንም ዛሬ ጠዋት ሥሯ አስገባሁላት፤ ማንንም አላስፈቀድኩም።

ልጅሽ ሀብተሚካኤል
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ሚያዝያ 6 ቀን 1995 ዓ.ም.