ለድንኳኑ መብራት የሰጠሁት ባትሪሽ

ትርሲትዬ፣

እንዴት ነሽ ልበልሽ? ያለሽበትን የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። ከተለየሽኝ ሰባተኛ ወሩን ይዟል።

ቤቱ ደህና ነው፤ አበቦችሽን አጠጣለሁ። በመኪናዬ እህል ልጭን አርሲ ነገሌ ሄጄ ነበር። መጋዘኑ ጣሪያ ላይ ያሰርነው መልእክት አስተላላፊ ሣጥንሽ እዚያው አለ። ያን ቀን መሰላሉን ይዤልሽ፣ ይሄ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው ብልሽ፣ አንዱ ከተማ ኔትወርክ ሲቋረጥ መልእክቱ ሳይጠፋ በሌላው ዞሮ እንዲደርስ ነው አልሽኝ። የዝዋይ መንገድ ሲዘጋ አንተ በአሰላ እንደምትዞረው ማለት ነው ብለሽ ሳቅሽብኝ። ከስምንተኛ ክፍል ለቀረሁት ለእኔ እንኳ ገባኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ፈርቼ ነው። ስትታመሚ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤት ያመጣሽው፣ ሣጥኖችሽ ከየከተማው የሚልኩትን መዝገብ የሚሰበስበው ማሽን፣ እንዳይዘጋ አደራ ያልሽኝ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በቀብርሽ ዕለት መብራት ጠፋ። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑ ጨለመ ሲሉኝ፣ ለቀስተኛ በጨለማ አይቀመጥም ብዬ ማሽኑን ከባትሪው ነቅዬ ባትሪውን ለአምፖሉ ሰጠሁ። ከሦስት ቀን በኋላ መልሼ ብሰካው አልነሳም አለ።

ተማሪሽ ገመቹ ጥናትሽን ሊጨርስልሽ መጥቶ ሲጠይቀኝ፣ መብራት ጠፍቶ ነው ብቻ አልኩት። ሚስቱን ቀብሮ ሥራዋንም ቀበረ እንዳልባል ፈርቼ ነው። አመነኝ፤ ማሽኑን ይዞ ሄደ። ባለፈው ሳምንት ግን አንገቱን ደፍቶ መጣ። ጋሼ፣ ባልደረቦቿ ባትሪ እያለው መብራት በመጥፋቱ ከተበላሸ ስታዘጋጀው ተሳስታለች እያሉ ነው፤ ጥናቱም ያለ ስሟ ሊወጣ ነው አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት የለፋሽበት ጥናት። ያኔም እውነቱን ሳልነግረው ሸኘሁት። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ እንዴ? አንቺ ታውቂ ነበር?

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። እኔማ ሰማሁህ፣ ስሟን የሚያነሱት ግን አልሰሙህም አሉኝ።

ነገ ጠዋት እውነቱን ልናገር ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ። ገመቹ ከዚያ በኋላ ጋሼ ይለኝ እንደሆን እንጃ። ማሽኑን የሚጠግነው ሰው ውስጡ የቀረ ነገር የለም ቢል ደግሞ እንዴት እንደምችለው አላውቅም። ብቻ ጸልዪልኝ። በሕይወት እስካለሁ ስምሽ በተነሳበት ሁሉ ልፋቱ የእሷ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ።

ባልሽ