ቡናማው ክሎሮፕላስት

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለቁንጫዬ፤

ባሕር የሚሻገር ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ከንዴት በቀር ምንም አልሆንኩም።

የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የዕፅዋትና የእንስሳት ሴል እንድሥል ታዝዤ ነበር። ትተሽልኝ የሄድሽውን መጽሐፍ በቃሌ ይዤዋለሁ። ኒውክለሱ አዛዥ ነው፤ ሚቶኮንድሪያው ኃይል ያመነጫል፤ ክሎሮፕላስቱ ከብርሃን ምግብ ይሠራል፤ ጠንካራው የሴል ግድግዳ ደግሞ ከሁለቱ ለዕፅዋቱ ብቻ ነው። አንዱንም አልሳትኩም!

ታዲያ ያቺ የባዮሎጂ አስተማሪ በተማሪዎቿ ፊት፣ «ጋሼ፣ ክሎሮፕላስቱን ምነው ቡናማ አደረጉት? ሚቶኮንድሪያው ደግሞ አረንጓዴ!» አትለኝ መሰለሽ?

«ሠላሳ ዓመት ማስታወቂያ የሣልኩትን ሰው አረንጓዴ ልታስተምሪኝ ነው?» አልኳት።

በርሬ ቀለም ሻጩ ዘንድ ሄጄ፣ «ቆርቆሮ ቀያይረህ ሸጥክልኝ!» ብዬ ጮኽኩበት። ያ ደረቅ ሁለቱንም ከፍቶ አሳየኝና ክንዴን ይዞ እስከ በሩ ሸኘኝ። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

አክስትሽማ ከሁሉም ባሰች። በየቆርቆሮው እጀታ ላይ ክር አሰረች፤ አንድ ቋጠሮ አረንጓዴ፣ ሁለት ቋጠሮ ቡናማ።

«ሕፃን መሰልኩሽ?» ብላት፣ «አንተ ሰውዬ፣ እየዳሰስክ ቅባ!» አለችኝ። መንገድ ስንሻገርም እጄን አትለቅም፤ በስተርጅና ፍቅር ያዛት መሰል።

ግድግዳውን አስተካክዬ ጨርሻለሁ። አስተማሪዋ አጨበጨበች፤ እኔ ግን አልታረቅኳትም።

አንቺስ ብትሆኚ፣ ዓመቱ ሲያልቅ እመጣለሁ ማለት ምን የሚሉት ቀልድ ነው? በዚህ ወር ነይ። መልክሽን አጥርቼ ልየው።

ደህና ሰንብቺልኝ፤

የተቆጣው አጎትሽ