በሰው ወረቀት ላይ

አምቦ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሚዜዬ፣

አከም ጂርታ? የጎጆ ከተማ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ? ድንቹ ደረሰ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ኦሊቃም ያው ነው፣ ሆዱ ብቻ ጨመረ። ሦስት ዓመት ዝም ብላ ዛሬ ምን ነካት እንደምትይ አውቃለሁ። ቁጭ በይና አንብቢ፣ ጉድ ነው የምነግርሽ።

ሰርቪስ ቤታችንን የተከራየች ዱረቲ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለች። የማስተርስ ጥናቷ ሰው ከሌላው አንጻር ራሱን እንዴት ያያል የሚል ነው። ባለፈው እሑድ ለእድራችን ሴቶች ወረቀት አደለች። «እኔ» ይልና ባዶ መስመር፣ «እኔ» ይልና ባዶ መስመር፤ አሥር ጊዜ። ምን ችግር አለው፣ የኦሊቃ ሚስት ነኝ፣ ሃዳ ሮብሳን፣ የሮብሳን እናት ነኝ፣ የጉዴ ጎረቤት ነኝ እያልኩ ሞላሁት። ዱረቲ አይታ ሳቀች። ሃዳ ሮብሳን፣ እርስዎ ራስዎ የታሉ? አለችኝ። ልጄ፣ ከነዚህ ሌላ የት ሄጄ ልገኝ? አልኳት።

ጉዱ የመጣው ማታውን ነው። እሷ ኮምፒውተር ላይ ስትጽፍ እኔ አነብላታለሁ። ወረቀቱ ስም የለበትም። አንዱን ሳነሳ፣ እኔ በታመምኩ ጊዜ ሃዳ ሮብሳን ገንፎ ያበላችኝ ነኝ ይላል። ሌላው፣ እኔ የሃዳ ሮብሳንን ሳቅ በአጥር የምሰማ ነኝ። አንዷ ደግሞ፣ እኔ ሃዳ ሮብሳን ከእድር ከቀረች ቶሎ ወደ ቤቴ የምገባ ነኝ! ሚዜዬ፣ ሰባት ወረቀት ላይ አለሁ። ሰባት! ሰው ሳያውቅ፣ ማንም ሳይነግረው፣ በሌላው ውስጥ እንዲህ ተቀምጦ ይኖራል?

እኔማ በጆንያ ጤፍ ውስጥ እንዳለች አንዲት ፍሬ ነኝ፣ ብወድቅ ማን ያየኛል ብዬ ነው የኖርኩት። የዛሬ ሦስት ዓመት እናትሽ እማማ ያረፉ ጊዜ መኪና አጣሁ ብዬ የላክሁልሽ ውሸት ነው። ጊንጪ ድረስ መጥቼ ነበር። የአዲስ አበባ ዘመዶቻችሁ በመኪና ተሰልፈው ወደ ጎጆ ሲታጠፉ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እኔን ከነአሮጌ ጫማዬ ማን ይፈልገኛል አልኩና ተመለስኩ። በትምህርት ቤት ዘመናችን ከአንቺ እኩል ቆርሰው ያበሉኝን እናት ሳልቀብር ቀረሁ! ከዚያ ወዲያ እፍረቱ አፌን ያዘኝ።

ዱረቲ ጎጆም ሄዳ አስሞልታ ኖሯል። ከዚያ የመጣ አንድ ወረቀት አለ። ዘጠኙን መስመር ማንም ሴት ትጽፈዋለች። አሥረኛው ግን፣ እኔ አንዲት ለቀስተኛ የቀረችብኝ ሐዘንተኛ ነኝ ይላል። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጋሁት። ዱረቲ ምነው? ስትለኝ፣ ጽሑፉ አይነበብም አልኳት። ውሸቴን ነው፣ ጥርት ያለ ጽሑፍ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ስገለብጥ የከረምኩት ከዚሁ እጅ ጽሑፍ፣ ከደብተርሽ ላይ ነው።

ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። በአሮጌው ጫማ። ከበሩ ጀምሬ ነው የማለቅሰው፤ ጎረቤት ደንግጦ ማን ሞተ ብሎ ቢወጣ፣ ያቺ የቀረችው ለቀስተኛ ደርሳ ነው በያቸው።

እማማን ነፍሳቸውን ይማርልን። እስክመጣ ዋቃ ብርዱን ከጉልበትሽ ያርቅልሽ።

ሚዜሽ