መለዋወጫ ምርቃት

ለውድ አባቴ፣

«ይቺ ልጅ በሰው አገር ምን ስትሠራ ነው የምትውለው?» ብለው እማዬን ሳይጠይቋት አይቀሩም። እኔን ባይጠይቁኝም እሷን እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። ከእንጨት ሥራ ወርክሾፕዎ ስትደውልልኝ ከድምፅዋ ኋላ መላጊያዎ ሲንሸራተት ይሰማኛል፤ እኔ ማውራት ስጀምር ቀጥ ይላል። ስለዚህ ዛሬ መልሱን በሰው ሳልልክ ለእርስዎ ለራስዎ ልጽፍ ተቀመጥሁ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎስ? ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ የሚያውቀው ጉልበትዎ እንዴት አደረገዎት? መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው «መነጽሬን ማን ወሰደው?» እያሉ ቤቱን ማመስዎስ ቀረ ወይስ እንደ ድሮው ነው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። እንዲያውም ትንሽ ወፍሬያለሁ፤ ናፍቆት ያከሳል ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ እኔ ላይ ግን አልሠራም። መናፈቁን ግን እናፍቃለሁ።

የማድረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሁለት አልጋና አንድ ወንበር አለ፤ አንዳችን ወንበሩ ላይ ስናጠና ሌላችን አልጋ ላይ እንጠቀለላለን። አብራኝ የምታገለግለው ልጅ ከሌላ አገር የመጣች ናት። ሥራ ስትሠራ ስለምታፏጭ «ፉጨት» እላታለሁ፤ እሷም ስሄድ ስለምቸኩል «ነፋሷ» ትለኛለች። በአገልግሎታችን ደንብ ሁለት ሁለት ሆነን እንጂ ለየብቻ አንወጣም፣ ስለዚህ እማዬ «ብቻዋን» እያለች አትጨነቅ።

ሰኞ ልብሳችንን አጥበን የአገሩን ቋንቋ እንማራለን። አስተማሪያችን እኔ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ያመማቸው ነበር የመሰለኝ፣ ለካ ስህተቴን እየለቀሙ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ቤት ለቤት እየዞርን ስለ ወንጌል እናወራለን፣ የሚያወራን ከተገኘ። እርስዎ በር ይሠራሉ፣ እኔ በር ይዘጋብኛል። አንዳንዱ በትሕትና፣ አንዳንዱ አፍንጫዬ ላይ። ቅዳሜ ለልጆች ንባብ እናስጠናለን፤ እሑድ በምንከራየው አዳራሽ ውስጥ ወንበር ደርድረን ጉባኤው ሲያልቅ መልሰን እናነሣለን። ስመጣማ ከተማውን በጥቂት ወር የምገለብጠው መስሎኝ ነበር፤ እስካሁን የገለበጥኩት ወንበር ብቻ ነው። ቢሆንም አባባ፣ ጠዋት ስነሣ ቀኑ አይበቃኝም።

በደንብ ልነግርዎ የፈለግሁት ግን ስለ ሐሙስ ነው። ሐሙስ የአረጋውያን መጦሪያ እንሄዳለን። እዚያ አንድ አዛውንት አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዱ ስለሆኑ ሁሉም «ሹፌሩ» ይላቸዋል። የመጀመሪያው ቀን ገና ክፍላቸው ስንገባ፣ «ልትሰብኩኝ ከሆነ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ውረዱ» አሉን። ፉጨት ልትወጣ ዞረች። የእኔ ዓይን ግን ቁም ሳጥናቸው ላይ ቀረ፤ የበሩ ላይኛው ማጠፊያ ተነቅሎ በሩ እንደ ሰካራም ተንጋዷል። የእርስዎ ልጅ ሆኜ እንዴት አልፌው ልሂድ! ከጥበቃው ካቻቢቴ ለመንኩ፤ የሰፋውን ቀዳዳ እርስዎ እንደሚያደርጉት በክብሪት እንጨትና በኮላ ደፍኜ ብሎኑን አጠበቅሁት። ሹፌሩ ከአልጋቸው ሆነው፣ «ወደ ግራ! ቀስ! ወደ ግራ አልኩ እኮ! በቃ፣ በቃ፣ ያዢ!» እያሉ አውቶቡስ ያስቆሙኝ ጀመር። በሩ ገጥሞ ሲዘጋ ተነሥተው ደጋግመው ከፈቱት፣ ዘጉት። ስለ ስብከቱ ነገር ሌላ አላነሡም።

ጉዱ የመጣው ልንወጣ ስንል ነው። ሳላስበው፣ እንደ ቤታችን፣ ፊታቸው ጎንበስ ብዬ ራሴን ደፋሁና ጠበቅሁ። እሳቸው ደግሞ ራሴን ያዞረኝ መስሏቸው «ልጅቷ ልትወድቅ ነው!» ብለው የጥሪውን ደወል ተጫኑት። ነርሷ እየሮጠች ደረሰች። እሷና ፉጨት ግራና ቀኝ ይዘው ሹፌሩ አልጋ ላይ አጋደሙኝ። እኔ በሳቅ መናገር አቃተኝ፤ ነርሷ ሳቁንም ከሕመሙ ቆጥራው የደም ግፊቴን ለካች።

ትንፋሼ ሲመለስ፣ እኛ ዘንድ ከትልቅ ሰው ፊት ሳይመረቁ እንደማይወጡ ነገርኳቸው። «እኔ ጸሎት የሚባል አላውቅም» አሉ። ልብዎ ያለውን ይበሉኝ አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው መንገዱን አዩ። ከዚያ መሪ ይዞ የኖረውን ያን ትልቅ እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉና፣ «ፍሬንሽ ሁሌም ይያዝልሽ። ጎማሽ መንገድ ላይ አይተንፍስ። ሰው የሚጠብቅሽን ፌርማታ ሳታዪው አትለፊ» አሉኝ። አሜን ስል ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ አዲስ ምርቃት አዘጋጅተው ይጠብቁኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ፣ «ዛሬ ተራው ያንቺ ነው፤ ያን ጸሎትሽን በይልኝ፣ ብቻ ረጅሙን መስመር እንዳትይዢ» አሉኝ። አሳጠርኩላቸው።

ዛሬ ግን እጃቸውን ከማሳረፋቸው በፊት፣ «አባትሽ ስትመጪ ምን ብሎ መረቀሽ? ንገሪኝና ከሱ ልቅዳ፤ እኔ እኮ እያለቀብኝ ነው» አሉ።

አባባ፣ ምን ልበላቸው? ያን ጠዋት ሻንጣዬን ወርክሾፑ በር ላይ አስቀምጬ ፊትዎ ራሴን ደፋሁ። የእንጨቱ ፍቅፋቂ ጫማዬ ላይ እየወደቀ ጠበቅሁ። እጅዎ ከመላጊያው አልተነሣም። «ታክሲው እንዳያመልጥሽ» አሉኝ፤ ሄድኩ።

ልወቅስዎ አይደለም። ከኮሌጅ ስመረቅ በእጅዎ ሠርተው መስኮቱ ሥር ያቆሙልኝን የንድፍ ጠረጴዛ አልረሳሁትም። እኔ ስነድፍ እርስዎ ሊገጥሙ፣ አብረን ልንሠራ ነበር። «እግዚአብሔር እዚህ ሰፈርም አለ፤ ለሱ ብለሽ አውሮፕላን መሳፈር ምን አመጣው?» ያሉኝም ስለዚያ ነው። እውነትዎን ነው፣ እዚያም አለ። ሹፌሩ የሚኖሩት ግን እዚህ ነው። ማታ ወርክሾፑን ከመዝጋትዎ በፊት ጠረጴዛዬን በጨርቅ እንደሚወለውሉ ትንሹ ልጅዎ ማሙሽ ነግሮኛል። እባክዎ አይቆጡት፤ አውጣጥቼ ያስለፈለፍኩት እኔ ነኝ።

ለሹፌሩ እውነቱን ነገርኳቸው። «እንግዲያው እኔ እስከ ዛሬ የሰጠሁሽ መለዋወጫ ነው። መለዋወጫም ይሠራል፤ ኦርጅናሉ ግን ያለው አባትሽ እጅ ነው። ጻፊለት» አሉኝ። የዛሬውንም ከለከሉኝ። «የሱ እስኪመጣ ሞተር አጥፍቼ እጠብቃለሁ» ብለው እጃቸውን ብርድ ልብሱ ሥር ከተቱት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሙስን ሳልመረቅ ገባሁ፤ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፍልዎ።

እማዬን አንገቷን አቅፈው ይሳሙልኝ፤ እርስዎ ካፈሩ ማሙሽ ይሳምልኝ። ማሙሽን፣ ሒሳቡን ካላጠና ስመለስ ጆሮውን እንደማልምረው ይንገሩልኝ። ጓደኛዎን ቀለም ቀቢውን፣ ሸሚዛቸው አሁን ምን ቀለም ላይ እንደደረሰ ጠይቃለች ይበሉልኝ። ለጎረቤታችን ለእትዬም ሰላምታዬ በአጥሩ ላይ ይሻገር፤ ሲሸኙኝ የመረቁኝ እጃቸው ራሴ ላይ እንዳለ ነው።

አባባ፣ መጻፍ እንደማይወዱ አውቃለሁ። ወረቀት ይገዛ አልልም። እንጨት የሚያሰምሩበትን ያን ጠፍጣፋ እርሳስ ከጆሮዎ ላይ ያውርዱና በተገኘው ቁራጭ ላይ አንድ መስመር ይጻፉልኝ። በመሄዴ ይስማሙ አላልኩም፤ ይመርቁኝ ነው ያልኩት። ሲደርሰኝ ራሴን ደፍቼ አነብበዋለሁ፤ ሐሙስም ለሹፌሩ ይዤላቸው እሄዳለሁ።

ልጅዎ፣ ነፋሷ

ከእህቶች ማደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከአንዷ ወንበር ላይ
ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፫ ቀን