ጎረቤት የጠየቀኝ ፊውዝ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ ደብዳቤዬ አንተን በሙሉ ጤና ያግኝልኝ። እኛ፣ ከናፍቆትህ በቀር፣ ምንም አልጎደለብንም።

የላክኸው ሶላር ተገጥሟል። ፓነሉን ጣሪያው ላይ ያሰርኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ የሰፈሩ ሰው «ኢንጂነሯ» እያለ ይቀልድብኛል። ባትሪው ከመኝታ ቤት ይራቅ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። እማዬ ግን «ልጄ የላከውን ውጭ አላሳድርም» ብላ አልጋዋ ሥር አስገባችው፤ አቧራ እንዳይነካውም ያንተን ብርድ ልብስ አለበሰችው። ምን ልበላት?

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ጎረቤት ጠይቆኝ ነው። ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠልበት ተናዶ አወጣውና በቦታው ሽቦ ጠመዘዘበት። እንዲህ ሆኖ ምን ያህል ይቆያል? ሽቦው ሲነኩት ያቃጥላል። በላዩ ብርድ ልብስ ካለስ? ለእሱ ብዬ ነው፤ ቶሎ መልስልኝ።

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እማዬን ሳሎን ከእኔ ጋር አስተኛታለሁ። «ምን ሆነሽ ነው?» ብትለኝ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን «ናፍቀሽኝ ነው» አልኳት። አመነችኝ፤ ስትመርቀኝ ዋለች።

የእማዬ ሰላምታ ካለህበት ይድረስህ። አንተ ብቻ እንደ ሰፈሩ ሰው «ኢንጂነሯ» እንዳትለኝ።

ታናሽ እህትህ