እግረ መንገዴን ስለማልሠራው ሥራ

ለተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን ለአቶ ባርናባስ
ሰበታ፣ ፕላስቲክ ፋብሪካ
ግልባጭ፦ በሩ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? እጅዎም እግርዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የበር ጥበቃው የህያ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ሙሉ አካል አለኝ። ይህንንም ያለ ማንም እርዳታ በገዛ እጄ መጻፌን ይወቁልኝ፤ በማታው ትምህርት ዘንድሮ ከወንዶች አንደኛ ወጥቻለሁ፤ ወንዱ እኔ ብቻ መሆኔ ማዕረጉን አይቀንሰውም።

ትናንት መኪናዎን በሩ ላይ አቁመው፣ «የህያ፣ ዲኖ እስኪሻለው እግረ መንገድህን መፍጫ ማሽኑን ያዝልኝ» ስላሉኝ ክብር ተሰምቶኛል። ሆኖም በታላቅ ትሕትና እምቢ የምልበት ምክንያት የሚከተለው ነው።

1ኛ. ዲኖም እንደ እኔው ጥበቃ ነበር። እሱንም «እግረ መንገድህን» ብለው ነው ማሽኑ ላይ የመደቡት። የማሽኑ አፍ በፕላስቲክ ሲዘጋ ማጥፋት ምርት ያስተጓጉላል ብለው ስለከለከሉ፣ ማሽኑ እየዞረ ፕላስቲኩን በእግሩ ሲገፋው እግሩን ይዞት ገባ። «እግረ መንገድ» ከሚለው ቃል ዛሬ ለእሱ የተረፈው መንገዱ ብቻ ነው።

2ኛ. «እስኪሻለው» ያሉት ቃል ከብዶኝ መምህርቴን ወይዘሮ የሺወርቅን ጠየቅኋቸው። «እስከ» መጨረሻ ላለው ነገር ነው አሉኝ። እንግዲህ እግሩ መልሶ የሚበቅልበትን ቀን ይንገሩኝና እስከዚያ ልሥራ።

3ኛ. ባጃጅ ላይ ስናስተኛው፣ «ኦቦ የህያ፣ ጫማዬን አምጣልኝ፣ ሁለቱንም» አለኝ። ይህ ምክንያት አይደለም፤ ቁጥር የሰጠሁት እንዳያልፉት ብዬ ነው።

ሆስፒታል ድረስ ጁስ ስለላኩለት ምስጋናችን ወሰን የለውም። ማሽኑንም አሳጥበው በዚያው ቀን ከሰዓት ሥራ ማስጀመርዎን ሳስብ፣ እንዲህ ያለ ጠንካራ ልብ ለስንቱ ተሰጥቷል እላለሁ።

ስለዚህ የተቀጠርኩበትን በር እጠብቃለሁ፤ በር ሰው አይበላም። ልጆቼ የሚበሉት ከዚሁ በር መሆኑ አልጠፋኝም። ቢያባርሩኝም ግን በሁለት እግሬ ነው የምሄደው።

ትእዛዝዎን ባለመፈጸሙ ከልቡ የማይጸጸት፣ ጤናዎን የሚመኝ አክባሪዎ
የህያ ዱቤ
(ፊርማ ነው፤ የጣት አሻራ አይደለም)

ማስታወሻ፦ ዲኖ ከሆስፒታል ሲወጣ መጥቶ ሊያመሰግንዎ ይፈልጋል። ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ፣ ያን ቀን እርስዎ ቢወርዱለት።